ከ119 ሽንፈት በኋላ፦ የኮሎራዶ ሮኪስን ስብስብ ከየት ጀምሮ መገንባት ይሻላል?

ዘአዳማ፦

ሰላም ለቤቱ። ስለ ዴንቨሩ የቤዝቦል ክለብ ስለ ሮኪስ በየጨዋታው ሥር ተበታትኖ የሚጻፈውን ወደ አንድ ቦታ ለማምጣት ነው ይህን ርዕስ የከፈትኩት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው የታወቀ ነው። በ2023 103፣ በ2024 101፣ በ2025 ደግሞ 119 ጨዋታ ተሸነፉ። በ2025 597 ራን (ነጥብ) አስቆጥረው 1,021 ተቆጠረባቸው፤ የ424 ልዩነት ከ1901 ወዲህ የትኛውም ክለብ ያላስመዘገበው ነው። የስታርተሮቹ (ጨዋታውን የሚጀምሩት ወርዋሪዎች) ኢአርኤ 6.65 ነበር። ለጨዋታው አዲስ ለሆናችሁ፣ ኢአርኤ ማለት አንድ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) 9 ኢኒንግ (የአንድ ጨዋታ ዘጠኙን ዙር) ቢወረውር፣ በጓደኞቹ ስህተት የገባው ሳይቆጠር፣ ስንት ራን ይሰጣል ማለት ነው። ከ4 በታች ጥሩ ነው፤ ከ5 በላይ ሲሆን ያሳስባል። ሜይ 10 በገዛ ሜዳቸው በሳንዲያጎ ፓድሬስ 21 ለ 0 ተሸነፉ፤ በማግስቱ አሰልጣኙ ባድ ብላክ 7 ድልና 33 ሽንፈት ይዞ ተሰናበተ። ዋረን ሼፈር ተተካ። ከውድድሩ በኋላ ጄኔራል ማናጀሩ ቢል ሽሚት ለቀቀ፤ በኖቬምበር ፖል ዲፖዴስታ ከክሊቭላንድ ብራውንስ መጥቶ የክለቡን የቤዝቦል ሥራ በሙሉ ተረከበ።

የእኔ አቋም ሥራው ከፒቸሮች መጀመር አለበት የሚል ነው፤ ምክንያቴም ከፍታው ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት። አዳማም ሐዋሳም 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን ያን አየር እናውቀዋለን፤ በረኛ ከግቡ የመታት ኳስ እዚህ ከቆላው ሜዳ ይልቅ ርቃ ነው የምትወድቀው። ቤዝቦል ላይ ይኸው ነገር በየውርወራው ይደርሳል። ስለዚህ ትልቅ ስም ያለው መቺ ከመግዛት ይልቅ ለዚያ አየር የሚሆኑ ፒቸሮችን መሰብሰብ፣ ሾርትስቶፑን (የውስጥ መስክ ተከላካዩን) ኢዝኪየል ቶቫርን፣ ሴንተርፊልደሩን (ከኋላ መሐል የሚከላከለውን) ብሬንተን ዶይልንና ካቸሩን (ከመቺው ጀርባ ውርወራውን የሚቀበለውን) ሀንተር ጉድማንን ማቆየት፣ ሌላውን ለድርድር ክፍት ማድረግ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። ለዚያ ከፍታ የሚሆነው ምን ዓይነት ፒቸር ነው? ማን ይሸጥ፣ መቼስ ይሸጥ? ደግሞስ መጨረሻ መውጣት በድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት) የሚያስገኘው ነገር ለመገንባት ይበቃል? «ወጣት ማሳደግ አለባቸው» የሚለውን ሁላችንም ስለምንስማማበት በዝርዝሩ ላይ ብንቆይ ደስ ይለኛል።


ታቦር ግርጌ (ሐዋሳ)፦

ወንድሜ ዘአዳማ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄህን ልያዝ። «ከፍታ ፒቸርን ይጎዳል» ማለት ብቻውን ማንን እንደምትመርጥ አይነግርህም። የትኛው ውርወራ፣ በምን ያህል፣ ለምን ይጎዳል የሚለውን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የዴንቨር አየር እፍግታ ከባሕር ወለሉ 82 በመቶ ያህል ነው። የሚሽከረከር ኳስ የሚታጠፈው አየሩን ወደ አንድ ወገን እየገፋ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ መታጠፉም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ ከተማ በሽክርክሪት ኃይል 45 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች የሚታጠፍ ከርቭቦል፣ በሮኪስ ስታዲየም በኩርስ ፊልድ ላይ 37 ያህል ብቻ ነው የሚታጠፈው። የጎደለው 8 ሴንቲ ሜትር ነው። የባቱ (የመምቻው ዱላ) ወፍራም ጫፍ ስፋት በሕጉ ቢበዛ 6.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ከባቱ ሥር ሊያልፍ የታሰበው ኳስ ባቱ መሐል ላይ ያርፋል። ችግሩ በሙሉ እዚህች ልዩነት ውስጥ ነው ያለው።

ፋስትቦልም (ፈጣኑ ውርወራ) አይተርፍም። ፎር-ሲም የሚባለው ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ስለሚሄድ አየሩ ወደ ላይ ይደግፈዋል፤ መቺው ይወርዳል ብሎ የጠበቀው ኳስ ሳይወርድ ከባቱ በላይ ያልፋል። ድጋፉ ሲቀንስ ኳሱ ይወርድና ከባቱ ጋር ይገናኛል። እርግጥ አየሩ ስለማይገታው ትንሽ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ያ ግን የጎደለውን አይሞላም። እንግዲህ ከላይ በፎር-ሲም፣ ከታች በትልቅ ከርቭቦል የሚኖር ፒቸር ዴንቨር ላይ ሁለቱንም መሣሪያ በአንድ ቀን ያጣል። ዛሬ ብዙ ክለቦች በውድ የሚፈልጉት ደግሞ ይህንኑ ዓይነት ነው። ሮኪስ ከእነሱ ጋር በአንድ ገበያ የሚሻማበት ምክንያት የለውም።

የሚጸናው ምንድን ነው? ቼንጅአፕ ይጸናል፤ የሚያታልለው በፍጥነት ልዩነት ነው፤ ከፋስትቦሉ በሰዓት ከ13 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ሲዘገይ የመቺው ጊዜ ይዛባል፤ ይህ በከፍታ አይለወጥም። ስፕሊተር ይጸናል፤ ሽክርክሪቱ ትንሽ ስለሆነ የሚወርደው በመሬት ስበት ነው። እንደ ጥይት ወደሚሄድበት አቅጣጫ እየተሽከረከረ የሚሄደው ስላይደር ይጸናል፤ ይህ ስላይደር የትም ቦታ ብዙ ስለማይታጠፍ የሚያጣው ነገር የለም። ካተርም (መጨረሻ ላይ ትንሽ ወደ ጎን የሚታጠፈው ፋስትቦል) ከዚሁ ይቀርባል። ሲንከር ወደ ጎን ከሚሄደው ጥቂት ያጣል፤ ነገር ግን ኳሱን መሬት ለመሬት ስለሚያስመታ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም ኩርስ ላይ አየር ላይ የወጣ ኳስ 5 በመቶ ያህል ርቆ ይሄዳል። ሌላ ቦታ 120 ሜትር ላይ የሚያዝ ኳስ እዚያ 126 ይደርሳል።

ኳሱን በእርጥበት ክፍል ማስቀመጥ በቂ ነው የሚሉ አሉ። ሮኪስ ሂውሚዶሩን የጀመረው በ2002 ነው፤ ኳሶቹ በ21 ዲግሪ ሙቀትና በ50 በመቶ እርጥበት ይቀመጣሉ። ይህ ኳሱ ደርቆ እንዳይነጥርና ከጣት እንዳያመልጥ ይረዳል፤ የአየሩን መሳሳት ግን አይነካም። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ 30ዎቹም ስታዲየሞች ስለሚጠቀሙበት የሮኪስ ብቻ መፍትሔ መሆኑ ቀርቷል።

የሚበላሸው ሌላው ነገር መመላለሱ ነው። አንድ ፒቸር አንድ ሳምንት ዴንቨር፣ ቀጣዩን ሳምንት ሳንፍራንሲስኮ ይወረውራል። በአንድ ዓይነት አያያዝ የተለቀቀ ኳስ ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ ያርፋል። ፒቸሩ ይህን በእጁ ለማስተካከል ሲሞክር የእጁን አቅጣጫ ይለውጣል፤ ከዚያ ወጥነቱ ይጠፋል። እጁን ከመንካት ይልቅ ዒላማውን መለወጥ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ውርወራ ሁለት መነሻ ነጥብ ተለክቶ መያዝ አለበት፤ አንድ ለዴንቨር፣ አንድ ለውጪ። ካቸሩም ጓንቱን በዚያው መሠረት ያስቀምጣል። ከጉዞ በኋላ ባለው የመጀመሪያ የቡልፔን ልምምድ ላይ በትራክማን ወይም በራፕሶዶ መለካትና ነጥቡን ማደስ ያስፈልጋል።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ካይል ፍሪላንድን ተመልከቱ። የዴንቨር ልጅ ነው፤ በ2018 17 አሸንፎ 7 ተሸንፎ በ2.85 ኢአርኤ ጨረሰ፤ በሜዳው ደግሞ 2.40 ነበር። ሲንከር፣ ካተርና ስላይደር ወርዋሪ ነው። በተቃራኒው ቼስ ዶላንደር አለ፤ በ2023 ድራፍት 9ኛ የተመረጠ፣ ኃይለኛ ፎር-ሲም ያለው ወጣት። በ2025 በውጪ ሜዳ ኢአርኤው ከ4 በታች፣ በዴንቨር ግን ከ9 በላይ ነበር። ልጁ ሊጣል አይገባም፤ ቼንጅአፕና ካተር ጨምሮለት ፎር-ሲሙን ለውጪ ጨዋታ ማቆየት ነው ያለው።

ፒቸር በገንዘብ መግዛቱ ደግሞ ተሞክሯል። በ2000 መጨረሻ ለማይክ ሃምፕተን የ8 ዓመት 121 ሚሊዮን ዶላር፣ ለዴኒ ኔግል የ5 ዓመት 51 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጡ። ሃምፕተን በ2001 5.41፣ በ2002 6.15 ኢአርኤ አስመዝግቦ ተሸኘ። ነጻ የሆነ ጥሩ ፒቸር ወደ ዴንቨር የሚመጣው ከሌላው ቦታ የበለጠ ሲከፈለው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከዋጋው በላይ ትከፍላለህ። በድራፍትና በልውውጥ፣ በውርወራው ዓይነት እየመረጡ ማምጣት ነው የሚያዋጣው።

ልዩነቱን በዓይናችሁ ለማየት የዴንቨርን የማታ ጨዋታ ማየት ያስቸግር ይሆናል፤ በእኛ ሌሊት 9:40 ነው የሚጀምረው። የእሑዱ የቀን ጨዋታ ግን ምሽት 4:10 ላይ ነው። የእንግዳውን ቡድን ከርቭቦል ተከታተሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ኢኒንግ ሳይታጠፍ ከፍ ብሎ ሲቀር ታዩታላችሁ።


ቆጣሪው፦

ታቦር ግርጌ የጻፈው ፊዚክስ ትክክል ነው። የምቃወመው የዘአዳማን መነሻ ነው። በሽታው ከፍታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቡድኑ ከዴንቨር ሲወጣ ሊያገግም ይገባ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ በ2025 በሜዳው 25 አሸንፎ 56 ተሸነፈ፤ በውጪ 18 አሸንፎ 63 ተሸነፈ። ከፍታው ለ18 ለ63 ምክንያት ነው ማለት ውሃ አያነሳም።

597 ራንን ደግሞ አስቡት። ከሊጉ ስታዲየሞች ሁሉ ለመቺ የተመቸው ሜዳ ላይ 81 ጨዋታ እየተጫወቱ 597! ስለ ፒቸሮቹ ብቻ እየተነጋገርን የመቺዎቹን ጉዳይ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለነዋል።

ለምን በውጪ እንዲህ ይወርዳሉ? ዓይናቸው የሚለምደው በዴንቨር የማይታጠፈውን ኳስ ነው። ስድስት ሰባት ጨዋታ በሜዳቸው ተጫውተው ሎስ አንጀለስ ሲደርሱ፣ ያው ከርቭቦል 8 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ ይወርዳል፤ እነሱ ከላዩ ይመታሉ። በየጉዞው መጀመሪያ ይህ ይደገማል። መፍትሔ ተብሎ የሚነሳው የአንድን ፒቸር ውርወራ አስመስሎ የሚወረውረው ትራጀክት የተባለ ማሽን ነው። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ ዴንቨር ውስጥ ከቆመ እሱም በዚያው በሳሳው አየር ነው የሚወረውረው። የባሕር ወለሉን መታጠፍ ለማግኘት ሽክርክሪቱን ከእውነተኛው ፒቸር በላይ ከፍ አድርጎ መሙላት ያስፈልጋል። አለዚያ መቺው የሚለማመደው ያንኑ የለመደውን ነው።

የመቺ ምርጫውም ከዚህ ይነሳል። ኃይሉን ሜዳው ራሱ ስለሚጨምርልህ ኃይል ለመግዛት አትክፈል። የምትገዛው ከስትራይክ ክልሉ (መቺው ሊመታው ከሚገባው ክልል) ውጪ ያለውን ኳስ የሚተውና ሲመታ ብዙ የማይስተውን ነው። ዓይኑ የተስተካከለ መቺ የመታጠፍ ለውጡን ከሌላው ቀድሞ ይለምዳል፤ ሁሉንም ለመምታት የሚወዘወዘው ግን ከጉዞ ጉዞ ይባስበታል።

የሜዳውም ስፋት አለ። ኩርስ ፊልድ በግራ 106፣ በግራ መሐል 119፣ በመሐል 126.5፣ በቀኝ መሐል 114፣ በቀኝ 107 ሜትር ነው። ኳሱ ስለሚርቅ አጥሩን ወደ ኋላ ገፉት፤ በዚህም ሣሩ በጣም ሰፋ። አውትፊልደሮቹ (ከኋላ የሚከላከሉት) ወደ ኋላ ይቆማሉ፤ ከፊታቸው የሚወርደው ኳስ ሁሉ ሲንግል (መቺውን አንድ ማረፊያ የሚያደርስ ምት) ይሆናል፣ በመካከላቸው ያለፈው ደግሞ ደብል ወይም ትሪፕል (ሁለት ወይም ሦስት ማረፊያ)። ዶይል በ2023ና በ2024 ጎልድ ግላቭ (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) የወሰደው ይህን መስክ ሸፍኖ ነው። ባቱ ቢቀዘቅዝም እሱን መሸጥ ከፒቸሮቹ ሁሉ ኢአርኤ ላይ መጨመር ነው። በግራ በኩልም ሯጭ እንጂ ዘገምተኛ ሆምራን (ኳሱን ከአጥር የሚያሻግር ምት) መቺ መቆም የለበትም።

አሁን ወደ ፒቸር ልመለስ፣ ግን በቁጥር። በአንድ ውድድር ዓመት 162 ጨዋታ አለ፤ 1,440 ኢኒንግ ገደማ የሚሸፍን ሰው ያስፈልጋል። አብዛኛው ደጋፊ አምስት ስታርተር ጽፎ ያቆማል። አምስቱ እያንዳንዳቸው 150 ኢኒንግ ቢቆዩ፣ ያ ራሱ ትልቅ ዕድል ሆኖ፣ 750 ነው። ስምንት የቡልፔን ሰዎች (ተቀይረው የሚገቡ ፒቸሮች) በ55 ቢባዙ 440። ገና 250 ኢኒንግ ባዶ ነው። ይህን የሚሞሉት ከስድስተኛ እስከ ዘጠነኛ ያሉት ስታርተሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 60 ያህል። የሮኪስ ቤት የሚፈርሰው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። አንድ ስታርተር በሜይ ሲጎዳ፣ ገና ያልደረሰ ልጅ ከታች ይጠራል፤ በሦስተኛው ኢኒንግ ይወጣል፤ ቡልፔኑ ስድስት ኢኒንግ ይወረውራል፤ በማግስቱም በነጋታውም የደከመ እጅ ይወረውራል። አንድ መጥፎ ጅምር የሚያበላሸው ሦስት ቀን ነው። ስለዚህ ክረምቱን በአንድ ኮከብ ላይ ከማዋል፣ 180 ኢኒንግ በ4.80 የሚሰጡ ሁለት የጎለመሱ ሰዎችን በአንድ ዓመት ውል ማምጣትን እመርጣለሁ። ውጤታቸው ባያምርም ከእነሱ ጀርባ ያሉትን ወጣቶች ጊዜያቸው ሳይደርስ ከመጠራት ያድናሉ።


ሶደሬ መንገድ፦

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ አልተመለሱም፤ እኔ እነሱን ልውሰድ።

በመጨረሻ ደረጃ መውጣት በድራፍት ያዋጣል የሚለው የድሮ ስሌት ነው። አሁን የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምርጫዎች በዕጣ ነው የሚወጡት፤ መጨረሻ የወጡት ሦስት ክለቦች እያንዳንዳቸው ያላቸው የአንደኝነት ዕድል 16.5 በመቶ ነው። ከዚህ በላይ ከሌሎች ክለቦች የገቢ ድጎማ የሚያገኝ ክለብ በተከታታይ ከሁለት ዓመት በላይ ዕጣው ውስጥ አይገባም፤ ድጎማ የሚሰጥ ክለብ ደግሞ ሁለት ዓመት ተከታትሎ አይገባም። ሮኪስ በ2024 በ3ኛው ቻርሊ ኮንደንን፣ በ2025 በ4ኛው ኢተን ሆሊደይን ወሰደ፤ ሆሊደይ የ2007ቱ የሮኪስ ኮከብ የማት ልጅ ነው። ስለዚህ በ2026 ከዕጣው ውጪ ነው፤ 119 ተሸንፎ የሚያገኘው 10ኛውን ምርጫ ነው። ቺካጎ ዋይት ሶክስም በ2024 121 ተሸንፎ በ2025 ድራፍት 10ኛ ነበር። ሆን ብሎ መሸነፍ ከእንግዲህ ዕቅድ ሊሆን አይችልም።

በድሮው ሕግም ቢሆን ዋስትና አልነበረም። ሂውስተን ከ2012 እስከ 2014 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አንደኛ መረጠ። ካርሎስ ኮሬያ ሰመረ። ማርክ አፔል ለሂውስተን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ተሸጠ። ብሬዲ አይከን በውል ሳይስማማ ቀረ፤ በእሱ ካሳ በ2015 2ኛውን ምርጫ አግኝተው አሌክስ ብሬግማንን ወሰዱ። ባልቲሞር በ2018 115 ተሸንፎ አድሊ ረችማንን አገኘ፤ 101 ድል የደረሰው ግን በ2023 ነው። አምስት ዓመት።

መጨረሻ መውጣት በእርግጥ የሚጠቅመው ብዙ ሰው በማያያቸው ሁለት በሮች ነው። አንደኛው ዌቨር ነው። ሌላ ክለብ ከ40 ሰው ዝርዝሩ (ክለቡ ለዋናው ሊግ ካስመዘገባቸው) ያወጣውን ተጫዋች የመውሰድ የመጀመሪያ መብት ያለው መጨረሻ የወጣው ክለብ ነው፤ ቀጣዩ ውድድር ዓመት ተጀምሮ 30 ቀን እስኪሞላ ድረስ የሚሠራው ያለፈው ዓመት ደረጃ ነው። ማለትም ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ድረስ ሮኪስ የፈለገውን ፒቸር ማንም ሊቀድመው አይችልም። ታቦር ግርጌ የዘረዘራቸው ስፕሊተርና ካተር ወርዋሪዎች ኦፕሽናቸው (ከታች አብራራዋለሁ) ስላለቀ ብቻ በማርች መጨረሻ በብዛት ይወጣሉ።

ሁለተኛው በዲሴምበር የሚካሄደው ሩል 5 ነው። በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በፊት ፈርሞ አምስት ውድድር ዓመት፣ በ19ና ከዚያ በላይ ፈርሞ አራት ውድድር ዓመት የቆየ፣ ነገር ግን 40ው ውስጥ ያልገባ ልጅ በ100,000 ዶላር ይወሰዳል። ግዴታው ዓመቱን ሙሉ በ26ቱ (በሚጫወተው ዋና ቡድን) ውስጥ ማቆየት ነው፤ አለዚያ ለቀድሞው ክለብ በ50,000 ዶላር ይመለሳል። ለሻምፒዮና የሚጫወት ክለብ ያን ቦታ ማባከን አይችልም፤ ሮኪስ ይችላል። ዋይት ሶክስ በዲሴምበር 2024 ሼን ስሚዝን ከሚልዋኪ በዚህ መንገድ ወስዶ በ2025 ኦልስታር (ለዓመቱ ምርጦች ጨዋታ ተመራጭ) አደረገው።

ኦፕሽን ምን እንደሆነ በአጭሩ። 40ው ውስጥ ያለ ተጫዋች ለሦስት ውድድር ዓመታት ያለ ዌቨር ወደ ታችኛው ሊግ ሊላክ ይችላል፤ በአንድ ዓመት ከአምስት ጊዜ አይበልጥም። የወረደ ፒቸር ቢያንስ 15 ቀን፣ ሌላው ተጫዋች 10 ቀን ይቆያል፤ የሚጎዳውን ሰው ለመተካት ካልሆነ በቀር። 26ቱ ውስጥ ፒቸር ከ13 አይበልጥም። ቆጣሪው ያለው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያለው ቡድን ኦፕሽን ያላቸው ልጆች ካልሆኑ አይሠራም፤ ሁሉም ኦፕሽን የጨረሱ ከሆኑ አንዱን ለመጥራት ሌላውን ማጣት ይመጣል።

ስለ መሸጥ የሮኪስ ሕመም ማዘግየት ነው። ትሬቨር ስቶሪ በጁላይ 2021 ውሉ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ሳይሸጥ ቀረ፤ በምትኩ የተገኘው የድራፍት ምርጫ ብቻ ነው። ጆን ግሬይም በዚያው ዓመት ያለ ምንም ምትክ ሄደ። ኖላን አሬናዶን በ2021 መጀመሪያ ለሴንት ሉዊስ ሲሰጡ 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጨምረው ነው። በ2025 ጁላይ ግን የተሻለ ነገር ታየ፤ ራያን ማክማን ውሉ እስከ 2027 እያለ ለያንኪስ ተሰጥቶ ሁለት ወጣት ፒቸሮች፣ ግሪፊን ሄሪንግና ጆሽ ግሮዝ፣ መጡ። የምመክረው መለኪያ ይኸው ነው፤ ቢያንስ አንድ ተኩል ዓመት ውል ሲቀረው መሸጥ። የቡልፔን ሰው ደግሞ በየጁላዩ ይሸጥ፤ የአንድ ሪሊቨር ጥሩ ዓመት ተከታትሎ መምጣቱ እምብዛም ነው፤ ዋጋው ከፍ የሚለውም ያኔ ነው።

ቶቫር የ7 ዓመት 63.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ስላለው መነካት የለበትም። ጉድማን ላይ ግን ከዘአዳማ እለያለሁ። 31 ሆምራን የመታ ኦልስታር ካቸር በገበያ ላይ ከባድ ዋጋ አለው። ሁለት ለሜጀር ሊግ የቀረቡ ፒቸሮች ከመጡበት ስልኩን አነሳለሁ፤ ከዚያ ባነሰ አላነሳም።


ዘአዳማ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የጠየቅኩትን ያህል አግኝቻለሁ። ቆጣሪው በውጪ ሜዳ ውጤቱ ላይ ያለው አሳምኖኛል፤ መቺዎቹን ከሁለተኛ ደረጃ አውጥቼ ከፒቸሮቹ እኩል አስቀምጣቸዋለሁ። ጉድማንን ግን ስልክ አንስቼም አልሰጥም፤ ያን ሁለት ዒላማ ለወጣት ፒቸሮች የሚይዝላቸው ካቸር በየዓመቱ ከተለዋወጠ ታቦር ግርጌ ያለው ዘዴ አይሰነብትም።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። በሮኪስ የታችኛው ሊግ ቡድን፣ አልበከርኪ ላይ፣ ያማረ ቁጥር ይዞ የመጣ ልጅ ዴንቨር ላይ የሚወድቀው ለምንድን ነው? የአልበከርኪም አየር የሳሳ አይደለም ወይ? ሌላው ክሪስ ብራያንት ነው። በእሱ ውል ምን ይደረግ?


ታቦር ግርጌ (ሐዋሳ)፦

የአልበከርኪ ከፍታ ከዴንቨር ጋር ተቀራራቢ ነው፤ የመቺዎቹ ቁጥር የሚያብጠውም በዚያው ምክንያት ነው። የልጁን ሆምራን ተወውና ስንት ጊዜ ዎክ (ከክልሉ ውጪ በተወረወሩ አራት ኳሶች ወደ መጀመሪያው ማረፊያ በነጻ መሄድ) እንዳገኘና ሲወዘወዝ በምን ያህሉ እንደሳተ ተመልከት፤ እነዚህን አየሩ ብዙም አያዛባቸውም። ለፒቸርም ኢአርኤውን ትተህ ከስትራይክአውቱ (በሦስት ስትራይክ ካስወጣቸው መቺዎች) ላይ ዎኩን ቀንስ።

ትልቁ ችግር ግን ከአልበከርኪ በታች ባሉት የክለቡ ቡድኖች ነው። ፍሬዝኖ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ሃርትፎርድ ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ አይልም፣ ስፖኬን 600 ሜትር አይደርስም፤ የስፕሪንግ ትሬኒንጉ (የቅድመ ውድድር ልምምዱ) ስኮትስዴል ደግሞ 400 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ፒቸር ሦስት ዓመት በወፍራም አየር ከርቭቦሉን አሳምሮ አልበከርኪ ሲደርስ በአንድ ምሽት ይጠፋበታል። «እጄ ተበላሸ» ብሎ አወራወሩን ይለውጣል፤ ክርኑ የሚጎዳውም ያኔ ነው። ክለቡ ማድረግ ያለበት እያንዳንዱን ፒቸር ገና ፍሬዝኖ ሳለ በዓመት አንድ ሳምንት ወደ ዴንቨር አምጥቶ ውርወራውን በሙሉ መለካት ነው። ያኔ የትኛው እንደሚጸና ታውቆ ቼንጅአፑ ወይም ካተሩ ከሃርትፎርድ በፊት ይጨመርለታል። ወጪው የአውሮፕላን ቲኬትና ሆቴል ነው።


ቆጣሪው፦

ስለ ብራያንት። በማርች 2022 የ7 ዓመት 182 ሚሊዮን ዶላር ውል ተሰጠው፤ በአራት ውድድር ዓመት 648 ጨዋታ ሲኖር እሱ የተጫወተው 170 ነው። ችግሩ የወገብ ዲስክ ሕመም ነው፤ የሰውየው ጥፋት አይደለም። ውሉ እስከ 2028 ስለሆነ በአማካይ በዓመት 26 ሚሊዮን ይከፈላል፤ ማንም አይረከበውም። ገንዘቡን እንደወጣ ቁጠሩት። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበው 40ው ውስጥ የሚይዘው ቦታ ነው። በውድድሩ ጊዜ በ60 ቀን የጉዳት ዝርዝር ላይ ከገባ ቦታው ነጻ ይሆናል፤ ያ ዝርዝር ግን ውድድሩ ካለቀ በኋላ እስከ ስፕሪንግ ትሬኒንግ ድረስ አይሠራም። ስለዚህ የሩል 5ና የዌቨር ሥራ በሚሠራበት ክረምት ዘአዳማ፣ ዕቅድህን ስታወጣ 40 ሳይሆን 39 ቦታ እንዳለህ ቁጠር፤ ፌብሩዋሪ ላይ ስኮትስዴል ሲገቡ 40ኛው ቦታ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ከዌቨር የሚወሰደው ፒቸር እዚያ ይገባል።